ጥቁር መሳይ፣ ረጅም ጭራ ያለው የደጋ ወፍ፦ ተከዜ ሰንበርድ ነው ወይስ ማላካይት?

ጥያቄ — ከ«ደን ዳር»

ሰላምታዬን እያቀረብኩ ወፍ መመልከት የሚወዱ ወገኖችን እርዳታ እጠይቃለሁ። በመናገሻ ሱባ ደን፣ ጥዱ ሳስቶ ቁጥቋጦ በሚጀምርበት ዳርቻ፣ ብርቱካንማ አበባ ባወጣ የፈረስ ዘንግ ላይ አንድ ወፍ ሲመገብ ተመልክቼ ማንነቱን ለይቼ ለመናገር ተቸግሬአለሁ። መጀመሪያ ሳየው ከራሱ እስከ ጭራው ጥቁር ነበር። ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ግን ጀርባውና ደረቱ በድንገት ወይን ጠጅ ሆኖ አንጸባረቀ፤ ራሱ ደግሞ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ የመዳብ ቀለም አሳየና ወዲያው ተመልሶ ጠቆረ። ምንቃሩ ረጅም፣ ቀጭንና ወደ ታች የቀለሰ ነው። ከጭራው መካከል ሁለት ላባዎች ከሌሎቹ እጅግ አልፈው ወጥተዋል። ጭራው ሳይቆጠር አካሉ ከድንቢጥ ብዙም አይበልጥም።

አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ «ረጅም ጭራ ያለው የደጋ ሰንበርድ (የአበባ ወለላ የሚመገብ ትንሽ ወፍ) ማላካይት ነው፤ ራሱም አረንጓዴ ነበር» ብሎ ይከራከራል። እኔ ግን ወይን ጠጁን ቀለም በዓይኔ ስላየሁ በዚህ አልተስማማሁም። ያነሳሁት ፎቶግራፍ ክርክሩን አልፈታልንም፤ ከደማቅ ሰማይ ፊት የተቀመጠ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው የሚታይበት። ከወፉ ጋር አንዲት ግራጫማ ቡናማ፣ ተመሳሳይ ምንቃር ያላት ወፍም ነበረች፤ የእርሱ እንስት ትሁን ሌላ ዝርያ ትሁን አላወቅሁም።

ስለዚህ ወፉ ማን እንደሆነ፣ እንስቷንም በምን መለየት እንደሚቻል፣ የፈረስ ዘንጉ አበባ ሲረግፍ ደግሞ ወፉን የት መፈለግ እንደሚገባኝ ብትነግሩኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው። የወፉን ድምፅ ከስልክ አጫውቶ ማቅረብ ይቻላል የሚሉ ሰዎችም ሰምቻለሁና በዚህ ላይ ያላችሁን አስተያየት ማወቅ እፈልጋለሁ።


መልስ — ከ«ላባና ብርሃን»

ከገለጻዎ እንደምረዳው ያዩት ወንድ ተከዜ ሰንበርድ ነው፤ ሳይንሳዊ መጠሪያው ኔክታሪኒያ ታካዜ ይባላል። ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1814 ሲገለጽ በተከዜ ወንዝ ስም ተሰየመ፤ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ ደጋዎች ጀምሮ በኬንያና በኡጋንዳ ተራሮች አልፎ እስከ ሰሜን ታንዛኒያ ድረስ ይገኛል። ወንዱ ከረጃጅሞቹ የጭራ ላባዎች ጋር 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እንስቷ ግን እነዚያ ላባዎች ስለሌሏት ከ15 ሴንቲ ሜትር ብዙም አታልፍም።

እዚህ መልስ ላይ የደረስኩት በቀለሙ አይደለም፤ ቀለሙን ለመጨረሻ ነው ያስቀረሁት፤ ምክንያቱንም ከታች እገልጻለሁ። በመጀመሪያ የተመለከትኩት ምንቃሩን ነው። በደጋው የሣር ሜዳ ጥቁርና ረጅም ጭራ ያላቸው ሌሎች ወፎች አሉ፤ ነገር ግን እነርሱ እህል የሚፈለፍሉ በመሆናቸው ምንቃራቸው አጭርና ወፍራም ነው። በደን ውስጥ ጭራው እንደ ሪባን የሚንጠለጠለው ዝንብ አዳኝ ወፍም ቀጥ ያለ ምንቃር ያለው ሲሆን ጭራውም ቀይ ቡናማ ወይም ነጭ እንጂ ጥቁር አይደለም። ረጅም፣ ቀጭንና ቀልሶ የወረደ ምንቃር ካዩ፣ ወፉም ከአበባ ላይ ካልተለየ፣ ከሰንበርዶች ቤተሰብ ውጭ መፈለግ አያስፈልግዎትም።

ቀጥሎ ጭራው ይመጣል። በደጋውና በወይና ደጋው ከሚኖሩት ሰንበርዶች መካከል ደረተ ቀዩ ሰንበርድ፣ ሆደ ቢጫው ትንሹ ቫሪያብል ሰንበርድ፣ በደረቱ ላይ ጥቁር ቀይ መቀነት ያለው ማሪኳ ሰንበርድም ሁሉም ጭራቸው አጭር ነው። በስምጥ ሸለቆው አካባቢ በዝቅተኛ ቦታ የሚኖረው ቢዩቲፉል ሰንበርድ ከጭራው መካከል ረጃጅም ላባዎች አሉት፤ ነገር ግን እጅግ ትንሽ ከመሆኑም በላይ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ፣ በግራና በቀኝ በቢጫ የታጀበ ቀለም ከማንም ጋር አያሳስተውም። በእርስዎ ከፍታና በእርስዎ የደን ዓይነት ውስጥ ረጅም ጭራ ይዘው የሚቀሩት እንግዲህ ሁለት ብቻ ናቸው፤ እርስዎና ጓደኛዎ የተከራከራችሁባቸው ሁለቱ።

ጓደኛዎ ማላካይትን መጠርጠራቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ወፎች በመጠን ይቀራረባሉ፣ በአንድ ተራራ ላይ ይኖራሉ፣ በአንድ አበባ ላይም ይገናኛሉ፤ ከሰማይ ፊት ለፊት ሲታዩ ደግሞ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቀው ብርሃን ሲያገኛቸው ነው። የማላካይት ወንድ በመራቢያ ላባው ከራሱ እስከ ሆዱ፣ ከጀርባው እስከ ጭራው ሥር፣ አንድ ወጥ የሚያበራ አረንጓዴ ነው፤ አልፎ አልፎ ሰማያዊ ወይም የመዳብ ጥላ ይጥልበታል እንጂ አካሉ ወይን ጠጅ አይሆንም። በተከዜ ላይ አረንጓዴው፣ ይልቁንም አረንጓዴ የተቀላቀለበት ነሐስ መሳይ ቀለም፣ ራስና አንገት ላይ የሚያበቃ ሲሆን ከዚያ በታች ጀርባውም ደረቱም ወይን ጠጅ ነው፤ የሆዱ የታችኛው ክፍል ደግሞ በማንኛውም ብርሃን ጥቁር ሆኖ ይቀራል። እርስዎ ራሱ ላይ አንድ ቀለም፣ ደረቱ ላይ ሌላ ቀለም ማየትዎን ጽፈዋል። ለእኔ ወሳኙ ማስረጃ ይህ የሁለቱ ቀለሞች መለያየት ነው፤ ጓደኛዎ ያዩት አረንጓዴ ልክ ነው፣ ያረፈበት ቦታ ግን ተከዜን ነው የሚያመለክተው።

ቀለሙን ለመጨረሻ ያቆየሁበት ምክንያት ይህ ነው። እንደ ቀይና ቢጫ ያሉ ብዙ የላባ ቀለሞች የሚገኙት ከማቅለሚያ ንጥረ ነገር ስለሆነ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢታዩ ያው ናቸው። የሰንበርድ አንጸባራቂ ቀለም ግን የሚመጣው ከላባው ውስጣዊ አሠራር ነው። በላባው ጥቃቅን ቅርንጫፎች ውስጥ ሜላኒን የተባለውን ጥቁር ንጥረ ነገር የያዙ ቅንጣቶች ላባው በተሠራበት ኬራቲን በተባለ ፕሮቲን ውስጥ በስስ ንጣፍ ተደራርበው ተደርድረዋል፤ ብርሃን በእነዚህ ንጣፎች ላይ አርፎ ሲመለስ አንዳንዱ የብርሃን ሞገድ ከሌላው ጋር ተደምሮ ይጎላል፣ ሌላው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ውሃ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ቀለም የሚያወጣበት መንገድ በመሠረቱ ይኸው ነው። ስለዚህ በብርሃኑ፣ በላባውና በዓይንዎ መካከል ያለው ማዕዘን ሲቀየር ቀለሙም ይቀየራል፤ ማዕዘኑ የማይገጥም ከሆነ ደግሞ የሚቀርልዎት የሜላኒኑ ጥቁረት ብቻ ነው። «ጥቁር ነበር» ያሉትም «ወይን ጠጅ ነበር» ያሉትም ሁለቱም እውነት የሚሆነው ለዚህ ነው።

በሜዳ ላይ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙ፤ ወፉን ከሰማይ ፊት ሳይሆን ከቅጠል ወይም ከተዳፋት ፊት ለማየት ይሞክሩ፤ አንድ የቀለም ብልጭታ አይተው አይወስኑ፣ ወፉ ዞር ዞር እስኪል ይጠብቁ። እኔ የማስታወሻ ደብተር ስይዝ ቀለሙን ከመጻፌ በፊት ብርሃኑ ከየት እንደነበር እጽፋለሁ፤ ያለዚያ ማስታወሻው ከወራት በኋላ ሲነበብ ዋጋው ትንሽ ነው።


መልስ — ከ«ቆርች ሥር»

በዝርያው ላይ ከላይ ከተሰጠው መልስ ጋር ስለምስማማ ወፉን የት መፈለግ እንደሚገባዎት ወደጠየቁት ልለፍ። ይህን ወፍ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ወፉን ከመፈለግ ይልቅ አበባውን ቢፈልግ ድካሙ በግማሽ ይቀንሳል። ሰንበርድ ነፍሳትንና ሸረሪቶችንም ይበላል፣ ጫጩቶቹንም በአብዛኛው በነፍሳት ነው የሚያሳድገው፤ የዕለት እንቅስቃሴውን የሚወስነው ግን የአበባ ወለላ ነው። አበባው ሲያልቅ ወፉ አገር ለቆ የሚሄድ አይደለም፤ ወደ ሌላ አበባ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ሌላ ከፍታ፣ ይዘዋወራል።

የፈረስ ዘንግ፣ በአንዳንድ አካባቢ ራስ ክምር የሚባለው፣ አበባው ሲያልቅ እኔ ዓይኔን የማነሳው ወደ ቆርች ነው። ይህ ዛፍ በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ባዶ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ አበባ ስለሚያወጣ ከሩቅ ይታያል፤ ቅጠል ስለሌለበትም ወፉን የሚሸፍን ነገር የለም፣ ይህም ለተመልካች ትልቅ ዕድል ነው። ድንጋያማ ተዳፋት ላይ እሬት ሲያብብ፣ በክረምት ደግሞ ርጥብ በሆነው የደጋ ሜዳ ላይ አሽንዳ ችቦ መሳይ አበባውን ሲያወጣ፣ ሰንበርዶች ወደዚያ ይሰበሰባሉ። ከዛፍ ወሰን በላይ በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚበቅለው ጅብራ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው፤ ያበበ ጅብራ ካገኙ ሌላ መንገድ ሳይመርጡ አጠገቡ ቢቀመጡ ይሻላል። ሰንበርዶች ከውጭ የመጣውን ባሕር ዛፍም አይንቁትም፤ ነገር ግን በረጅም ባሕር ዛፍ አናት ላይ ያለን ወፍ ከታች ሆኖ መለየት አንገት ከማሳመም ያለፈ ጥቅም የለውም።

ስለ ቦታው፣ ተከዜ ሰንበርድ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ካለፈ በኋላ በአብዛኛው የደጋ ደን፣ ጥድና ወይራ ባለበት፣ ከፍ ሲልም ኮሶና አስታ ባለበት ሁሉ ሊጠበቅ የሚችል ወፍ ነው። እንጦጦ፣ መናገሻ ሱባ፣ አንኮበር፣ ደብረ ሊባኖስ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የዲንሾ ግቢና አካባቢው ጥሩ ቦታዎች ናቸው። አገር በቀል ዛፍ ያልተቆረጠባቸው የአብያተ ክርስቲያናት ግቢዎችም እንዲሁ፤ በዙሪያቸው ያለው መሬት ሁሉ ታርሶ እነርሱ ብቻ በሚቀሩበት አካባቢ የደን ወፍ የሚገኘው እዚያ ነው። ጥቅጥቅ ባለው ደን መካከል ሳይሆን በዳርቻው፣ መንገድ በሚያቋርጠው ቦታና በጠራ ስፍራ ዙሪያ ይፈልጉት። ማላካይት ከዚህ ይልቅ ገላጣ ቦታን፣ ቁጥቋጦና አስታ የተበታተነበትን ተዳፋት ይወዳል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ የሚደራረቡበት ቦታ ብዙ ስለሆነ በመኖሪያው ብቻ ዝርያውን መወሰን አይቻልም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ማለዳን የሚያህል የለም። ሌሊቱን ማንም ያልነካው አበባ ውስጥ ወለላ ስለሚጠራቀም ወፎቹ በመጀመሪያዎቹ የብርሃን ሰዓታት አጥብቀው ይመገባሉ፤ የጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስለምትመታም ከላይ የተነገረውን የቀለም ብልጭታ ለማየት ይመቻል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስትሆን ደረቱ በራሱ ጥላ ይሸፈናል።

በአንድ አበባ አጠገብ ቆሞ መጠበቅ ያዋጣል ወይስ መዘዋወር የሚለው ብዙ ያከራክራል፤ መልሱ በአበባው ብዛት ላይ ይወሰናል። ፍራንክ ጊልና ላሪ ዎልፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በኬንያ ወርቃማ ክንፍ ባለው ሰንበርድ ላይ ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተሙትን ጥናት መጥቀስ እወዳለሁ፤ ወፎቹ ይመገቡ የነበረው ከእኛው የፈረስ ዘንግ የቅርብ ዘመድ ነበር። ወፉ አንድን የአበባ መደብ ከሌሎች የሚከላከለው ትርፉ ከድካሙ ሲበልጥ ብቻ መሆኑን አሳይተዋል፤ ወለላው እጅግ ከተትረፈረፈ መጠበቁ ጥቅም የለውም፣ እጅግ ከቀነሰ ደግሞ የሚጠበቅ ነገር የለም። በእኔ ልምድ ይህ ለተከዜም ይሠራል። መጠነኛ የሆነ፣ ዙሪያው ሌላ አበባ የሌለበት የፈረስ ዘንግ ጥግ ላይ አንድ ወንድ ሌሎችን ሲያባርር ካዩ ከዚያ አይንቀሳቀሱ፤ ደጋግሞ ወደ አንድ ማረፊያ ቅርንጫፍ ይመለሳል። ተዳፋቱ በሙሉ ካበበ ግን መዘዋወር ይሻላል።


ተጨማሪ ጥያቄ — ከ«ደን ዳር»

ለሁለታችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የራሱና የደረቱ ቀለም መለያየት ወሳኝ መሆኑን ስረዳ ከጓደኛዬ ጋር የነበረው ክርክር የተዘጋ መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን አሁን አዲስ ነገር አንስቷል። ወፉ ላይ ቢጫ ነገር እንዳየ ይናገራል፤ የማላካይት ወንድ በክንፎቹ ሥር፣ ከደረቱ ግራና ቀኝ፣ ቢጫ የላባ ጉንጉን አለው የሚለውንም አንብቧል። እኔ ቢጫውን አላየሁም፣ አልነበረም ብዬ ለመካድ ግን አልደፍርም። ይህ ነገር መልሱን ይለውጠዋል?


መልስ — ከ«ማለዳ»

ጓደኛዎ ያነበቡት ትክክል ነው። የማላካይት ወንድ ከደረቱ ጎኖች ቢጫ የላባ ጉንጉን አለው፤ ተከዜ ይህ የለውም። ስለዚህ ቢጫው በእርግጥ ከደረቱ ጎን የወጣ ላባ ከሆነ ወፉ ተከዜ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ማላካይት ይህን ጉንጉን ሁልጊዜ አያሳይም፤ በአብዛኛው ክንፉ ሥር ተሸፍኖ ይቆይና ወፉ ሲዘምር፣ እንስትን ሲያባብል ወይም ተቀናቃኝ ሲገጥመው ይዘረጋዋል። አንገቱን ወደ አበባ አስገብቶ የሚመገብ ወፍ ላይ ጉንጉኑ ጎልቶ መታየቱ የተለመደ አይደለም።

ስለዚህ ጓደኛዎን አንድ ነገር ይጠይቋቸው፦ ቢጫውን ያዩት የት ላይ ነው? ግንባሩ ወይም የጉሮሮው ሥር ላይ ከሆነ የአበባ ዱቄት ነው። የፈረስ ዘንግ አበባ ጠባብ ቱቦ ሆኖ የዱቄት ከረጢቶቹ ከላይኛው ከንፈሩ ሥር የተደበቁ ናቸው፤ ወፉ ምንቃሩን ወደ ውስጥ ሲያስገባ ግንባሩ ከእነርሱ ጋር ይነካካና ይቀባል። ተክሉም ዱቄቱን ወደ ሌላ አበባ የሚያሻግረው በዚህ መንገድ ነው። ቀኑን በአበባ ላይ የዋለ ሰንበርድ ግንባሩ ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ጠቃጠቆ ይዞ መታየቱ እጅግ የተለመደ ሲሆን፣ ጥቁር በሚመስል ወፍ ላይ ደግሞ ከሩቅ ይጎላል። የወይን ጠጅ ደረት በአንድ በኩል፣ ቦታው ያልታወቀ ቢጫ በሌላ በኩል ሲመዘኑ እኔ ወደ ፊተኛው አደላለሁ።

እንስቷን በተመለከተ እስካሁን መልስ ስላልተሰጠ ትንሽ ልዘግይበት። የሰንበርድ እንስቶችን መለየት ከወንዶቹ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ብዙ ተመልካቾችም «የሰንበርድ እንስት» ብለው ጽፈው ያልፏቸዋል። ይህ አይነወርም። የተከዜ እንስት ከላይ ግራጫማ ቡናማ፣ ከታች ፈዘዝ ያለች ስትሆን መታወቂያዋ ፊቷ ነው፦ ከዓይኗ በላይ ፈዛዛ ቅንድብ፣ በዓይኗና በምንቃሯ መካከል ጥቁር ጥላ፣ ከዚያ በታች ከምንቃሯ ሥር ወደ አንገቷ የሚወርድ ነጣ ያለ መስመር። የማላካይት እንስት ከታች ወደ ቢጫ ታደላለች፣ የፊቷም መስመሮች እንዲህ አይጎሉም። እርስዎ «ግራጫማ» ብለው ስለጻፉ፣ ያች ወፍም ያለ ጠብ ከወንዱ ጋር በአንድ ቁጥቋጦ ላይ ስለነበረች፣ የተከዜ እንስት መሆኗ ይመስለኛል። በሚቀጥለው ጊዜ ካገኟት ባይኖኩላርዎን ሆዷ ላይ ሳይሆን ዓይኗ ዙሪያ ላይ ያድርጉት።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ወንዱ ዓመቱን ሙሉ አንጸባራቂ ሆኖ አይቆይም። ከመራቢያው ወቅት ውጭ ላባውን ሲቀይር አብዛኛው አካሉ እንደ እንስቷ ይደበዝዛል፤ ክንፉና ጭራው ግን ጥቁር ሆነው ይቀራሉ፣ ትከሻው ላይም የወይን ጠጅ ጠብታዎች ይታያሉ። ያልበሰለ ወንድ ደግሞ ቡናማ አካል ላይ የጥቁር መጣፊያ የለበሰ መስሎ ይታያል። የማላካይት ወንድም ተመሳሳይ ለውጥ ያደርጋል። በእንዲህ ዓይነቱ ወፍ ላይ እዚህም እዚያም የቀሩትን አንጸባራቂ ላባዎች ፈልጎ ቀለማቸው አረንጓዴ ነው ወይስ ወይን ጠጅ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ያየን መስሎን የአንዱን ወፍ ሁለት ልብሶች የምንቆጥርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ድምፅ ስለማጫወት የጠየቁትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። አንድ ወንድ በክልሉ ውስጥ የባላንጣውን ዜማ ሲሰማ መመገቡን ትቶ የሌለ ጠላት ፍለጋ ይዞራል፤ ያ ጊዜና ጉልበት ከአበባው ወይም ከጎጆው ላይ የተወሰደ ነው። ጎጆው ላይ ያለች እንስት ብትሆንማ ከዚህ ይብሳል። የሰንበርድ ጎጆ ከሣርና ከተክል ጭረት በሸረሪት ድር ተጣብቆ ከቅርንጫፍ ጫፍ የሚንጠለጠል፣ በጎኑ በር ያለው ትንሽ ከረጢት ነው፤ በቀላሉ ስለማይታይ ተመልካቹ ሳያውቀው አጠገቡ ቆሞ ድምፅ ሊያጫውት ይችላል። ድምፁን ለመማር ከሆነ ቤትዎ ሆነው ይስሙት፤ ዜኖ ካንቶ በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በተከፈተው የወፍ ድምፆች ማከማቻ ውስጥ የተከዜም የማላካይትም ቅጂዎች ይገኛሉ። የተከዜ ዜማ ቀጭን፣ ፈጣንና ለረጅም ጊዜ የማይቋረጥ ጩኸት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዛፍ አናት ወይም ከደረቀ ቅርንጫፍ ጫፍ ይሰማል። ጆሮዎ ከለመደው ወፉ በሚዘምርበት ወቅት ስልክ አያስፈልግዎትም።


መልስ — ከ«ቆርች ሥር»

«ማለዳ» ስለ ድምፅ በጻፉት እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አስጎብኚ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ድምፅ እንዳይጫወት ይንገሩት። አንዳንድ አስጎብኚዎች እንግዳው ወፉን ሳያይ እንዳይመለስ በመስጋት ሳይጠየቁ ያጫውታሉ፤ በአንድ ታዋቂ ቦታ ላይ በየቀኑ የሚመጣው ቡድን ሁሉ ይህን ቢያደርግ ወፉ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።


መልስ — ከ«ላባና ብርሃን»

ስለ አበባ ዱቄቱ የተጻፈው እኔ ያላሰብኩት ነጥብ ነው፤ ምስጋና ይገባዎታል። ስለ ፎቶግራፉ ግን እስካሁን ማንም ስላልመለሰ በአጭሩ ልበል። ካሜራ ወይም ስልክ ከሰማይ ፊት ያለን ጥቁር ወፍ ሲያነሳ የብርሃኑን መጠን የሚለካው በሰማዩ ብሩህነት ስለሆነ ወፉ ይጨልማል። ከማንሳትዎ በፊት የብርሃን ማስተካከያውን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ከፍ ያድርጉት፤ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፣ የላባው ዝርዝር ግን ይመጣል። ፀሐይ ከጀርባዎ ሆና ወፉ ከጥቁር ቅጠል ፊት ካረፈ ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ ማድረግ ይገባል፤ ያለዚያ የሚያንጸባርቀው ክፍል ከመጠን በላይ በርቶ ነጭ ይሆናል። አንድ ምስል አንስተው አይቁሙ፤ ወፉ ራሱን ሲያዞር በተከታታይ ያንሱ፣ ከተከታታዩ ውስጥ አንዱ ማዕዘኑ የገጠመለት ይሆናል።

ባይኖኩላር ለመግዛት ካሰቡ 8 በ42 የሚባለው መጠን (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ለደን ዳር ይበቃል። ሰንበርድ ቀልጣፋ ስለሆነ ከማጉያው ብዛት ይልቅ የዕይታው ስፋት ይጠቅማል፤ ከመግዛትዎ በፊትም በቅርብ ርቀት ምን ያህል አጥርቶ እንደሚያሳይ ይፈትሹ፣ አበባ አጠገብ ለሚጠብቅ ሰው ወፉ ብዙ ጊዜ ከሚጠብቀው በላይ ቀርቦ ነው የሚያርፈው።

የጠቆረውንም ፎቶግራፍ አይሰርዙት። በማንኛውም የምስል ማስተካከያ ጥላውን ከፍ አድርገው ይመልከቱት፤ ቀለም ባያወጣ እንኳ የሆዱ የታችኛው ክፍልና የደረቱ ልዩነት ሊለይ ይችላል። ካወጣልዎት እዚሁ ይለጥፉት፣ ከጓደኛዎ ጋር ሆነን እናየዋለን።